የአበበ ቢቂላ ፊርማ አለበት የተባለው ፎቶ፦ ከደብረ ማርቆስ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይሄን የምጽፈው ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም ደብረ ማርቆስ ላይ ያጋጠመን አንድ ጉዳይ ተመዝግቦ ይቀመጥ ብዬ ነው። የማንንም ስም አልጠራም፣ ወረዳውንም አልጠቅስም። ፎቶውን የሰጡት አባት ራሳቸው «ጻፈው ልጄ፣ ሌላውም እንደኛ እንዳይሳሳት» ስላሉኝ ነው የጻፍኩት።

እኔ የባንክ ሰራተኛ ነኝ። 14 ዓመት ሙሉ ስራዬ ቼክ ላይ የመጣን ፊርማ ደንበኛው አካውንት ሲከፍት ከፈረመው ስፔሲመን ጋር ማመሳከር ነው። ካልመሰለኝ ብሩ አይወጣም፣ መስሎኝ ተሳስቼ ካወጣሁ ደግሞ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ስለዚ ፊርማ ማየት ለኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ግን የታዋቂ ስፖርተኛ ፊርማ መርምሬ አላውቅም ነበር፣ እና የባንክ ልምዴ የቱ ጋ እንደረዳኝ የቱ ጋ ደግሞ እንዳሳሳተኝ እንደሆነው ሁሉ እጽፈዋለሁ።

ዳራው

ጮቄ ተራራ ስር ካሉት ወረዳዎች ባንዱ ትንሽ የወጣቶች አትሌቲክስ ክለብ አለ። ልጆቹ 26 ናቸው። ከፍታው፣ ብርዱ፣ ዳገቱ ለሩጫ የሚሆን ነው፣ የጎደለው ጫማ ነው። ግማሾቹ በኮንጎ ጫማ ነው የሚሮጡት፣ ሌሎቹ አንድ መሮጫ ጫማ ለሁለት ይዘው ጠዋት አንዷ ትሮጥበታለች ከሰዓት ደግሞ ሌላዋ። ለዚህ ብለው የአካባቢው ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙና ከፋሲካ በኋላ ደብረ ማርቆስ ላይ ጨረታ ይደረግ ተባለ። በግ የሰጠ አለ፣ ማር የሰጠ አለ፣ እናቶች ጋቢ ፈትለው ሰጡ፣ እና ከሁሉም በላይ የተወራለት ግን አንድ አባት ከቤታቸው ግድግዳ አውርደው የሰጡት ፎቶ ነበር።

ፎቶው በመስታወት የተሸፈነ ነው፣ ከአንድ ስንዝር ትንሽ በለጥ ይላል፣ ጥቁርና ነጭ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ ደረቱ ላይ ቁጥር 11 ለጥፎ በምሽት ሲሮጥ ያሳያል። ታች በቀኝ በኩል በሰማያዊ «አበበ ቢቂላ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከስሩ «ጳጉሜን 5/52 ሮም» ይላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የኚህ ሰው አባት ክብር ዘበኛ ነበሩ፣ አበበም ክብር ዘበኛ ነበር። አበበ ከሮም ድል አርጎ ሲመለስ ለአባታቸው ይሄን ፎቶ በእጁ ፈርሞ ሰጣቸው። ከዛ የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መጣ፣ ክብር ዘበኛ ተበተነ ሲባል አባትየው ፎቶውን ይዘው ወደ ጎጃም ተመለሱ፣ እስኪሞቱም ከቤታቸው አልወጣም። ሰውየው የደብር አገልጋይ ናቸው፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ሰው የሚያስታርቁ። ቃላቸውን የሚጠራጠር ሰው በከተማው የለም፣ እኔም አልጠረጠርኩም፣ አሁንም አልጠረጥርም።

ችግሩ

አንድ የአካባቢው ተወላጅ ውጪ ሀገር የሚኖር ሰው ለፎቶው 80 ሺህ ብር እንደሚያወጣ ለኮሚቴው ነገረ። ያ ማለት ለሁሉም ልጆች ባይሆንም ለብዙዎቹ ጫማ ማለት ነው። ግን ሰውየው አንድ ነገር ጠየቀ፣ ፊርማው በአበበ እጅ የተፈረመ መሆኑን ማን አረጋገጠ አለ።

ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እሳቸውን ውሸታም ማለት ነው» ብሎ ተቆጣ፣ ግማሹ ደግሞ «ገንዘብ ከተቀበልን በኋላ የውሸት ሆኖ ቢገኝ የልጆቹ ስም ነው የሚጠፋው» አለ። በመጨረሻ «እሱ ባንክ ነው የሚሰራ፣ ፊርማ ያውቃል» ተብሎ ወደኔ መጣ። የሰጡኝ ጊዜ 3 ሳምንት ነው።

እዚህ ላይ መጀመሪያውኑ አንድ ነገር ብናስተውል ኖሮ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። ሁላችንም ጥያቄውን «ሰውየው እውነተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም» አርገን ነው የያዝነው። የሰውየው እውነተኝነት አንድ ነገር ነው፣ መስታወቱ ስር ያለው ወረቀት ሌላ ነገር ነው። ይሄን ለይተን እስክናይ ድረስ 10 ቀን አለፈ።

ያደረግነው

በመጀመሪያ ታሪኩን ከሚታወቀው ጋር አስተያየሁ። የሮም ማራቶን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው የተሮጠው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ጨለማ ላይ የቆንስጣንጢኖስ ቅስት ስር ነው ያለቀው፣ መንገዱን ወታደሮች ችቦ ይዘው ነበር የሚያበሩት፣ አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ ቁጥሩም 11 ነበር። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ሲያሸንፍ ግን ጫማ አርጓል፣ ቁጥሩም 17 ነው። ይሄን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የቶኪዮ ፎቶ ላይ ሮም ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። እኛ ያለን ፎቶ ባዶ እግር፣ 11 ቁጥር፣ ጨለማ፣ ሁሉም ልክ ነው። ከሮም ድል እስከ ታኅሣሡ ግርግር ደግሞ 3 ወር ገደማ አለ፣ ስለዚ አባትየው ፎቶውን ለመቀበል ጊዜ ነበራቸው። ታሪኩ ቆመ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልቤ ወደ «እውነት ነው» አዘነበለ፣ እና የታሪክ ማማር ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ያወኩት ያኔ ነው፣ ምክንያቱም ታሪኩ ቆመ ማለት ሊሆን ይችላል ማለት ብቻ ነው፣ ሆኗል ማለት አይደለም።

ቀኑ አስጨነቀኝ። ጳጉሜን 5 ውድድሩ የተካሄደበት ቀን ራሱ ነው። ጨለማ ላይ የገባ ሰው በዛው ቀን ፎቶው ታጥቦ እንዴት ፈረመበት? አገኘሁት ብዬ ለኮሚቴው ነገርኩ። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ወዲያው መለሱኝ፣ ሰው ፎቶ ላይ ቀን ሲጽፍ የፈረመበትን ቀን ሳይሆን ፎቶው የተነሳበትን ቀን ሊጽፍ ይችላል አሉ፣ የሰርግ ፎቶ ጀርባ ላይ ሁላችንም እንደዛ ነው የምንጽፈው። ልክ ናቸው። ቀኑን ከማስረጃ አወጣሁት።

ቀጥዬ ባንክ የሐሰት ብር የምናይበትን አልትራቫዮሌት መብራት ተጠቀምኩ። ብር ላይ እንዴት እንደሚሰራ ታውቁ ይሆናል፣ እውነተኛው የብር ወረቀት መብራቱ ስር ጠቆር ይላል፣ ተራ ወረቀት ግን ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥተን ሳበራበት ቦግ አለ። አለቀ፣ አዲስ ወረቀት ነው አልኩ። እዚህ ላይም ተሳስቻለሁ። ወረቀት እንዲነጣ የሚጨመረው የሚያበራ ኬሚካል ከ1952 በፊትም አገልግሎት ላይ ነበር፣ ስለዚ የሚያበራ ሁሉ አዲስ አይደለም። ተቃራኒው ይረዳል፣ ከዛ ኬሚካል በፊት ተሰራ የተባለ ወረቀት ቢያበራ ችግር አለው ማለት ነው፣ ለኛ ዘመን ግን መብራቱ ብቻውን አይፈርድም። የብር መብራት ለብር ነው።

ነገሩን የፈታው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ፎቶ አንሺ ናቸው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ዲቨሎፐርና ፊክሰር በሚባሉ ኬሚካሎች ፎቶ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ፎቶ ቤታቸው አሁን የፓስፖርት ፎቶና ፎቶ ኮፒ ሆኗል። ቡና እየጠጣን ፎቶውን ሰጠኋቸው፣ ፊቱን እንኳን አላዩትም፣ ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ሻሹት።

«ይሄ ፕላስቲክ ነው» አሉ።

ከዛ አስረዱኝ። በድሮ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት እውነተኛ ወረቀት ነው፣ ጀርባው ሻከር ይላል፣ በእርሳስ ይጻፍበታል፣ ሲደርቅ ይጠቀለላል፣ ከቆየ ጥቁሩ ቦታ ጠርዙ ጠርዙ ላይ ብርማ ሆኖ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ይሄኛው ግን በሁለቱም በኩል ፕላስቲክ የተቀባ ነው። የቀለም ፎቶ የሚታተምበት ወረቀት። ጥቁሩንም እዩት አሉኝ፣ መስኮት አጠገብ ወስደው አሳዩኝ፣ ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ሳይሆን ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በቀለም ማሽን ሲታተም እንደዛ ነው የሚሆነው። ጀርባው ላይ ደግሞ በጣም ደብዛዛ በሆነ ግራጫ ጽሑፍ የፉጂ ወረቀት ስም ሰያፍ ሆኖ ተደጋግሞ ታትሟል፣ «ክሪስታል አርካይቭ» የሚለውን። እኔ ሶስት ጊዜ ገልብጬው አላየሁትም ነበር፣ መብራት በአግድም ካልያዘው አይታይም። ያ ወረቀት ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። አበበ ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ነው፣ እ.ኤ.አ. 1973። እሱ ካረፈ ከ20 ዓመት በላይ በኋላ የተሰራ ወረቀት ላይ ሊፈርም አይችልም።

እዚህ ብናቆም መልሱ «የውሸት ነው» ይሆን ነበር፣ ስህተትም ይሆን ነበር። ፎቶ አንሺው ራሳቸው ናቸው «ቆይ፣ ፊርማው ራሱ ምንድነው?» ያሉት።

ፊርማውን በቅርበት

ይሄን ክፍል ረዘም አርጌ የምጽፈው ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ስለሚችል ነው። የሚያስፈልገው የስልክ መብራትና አጉሊ መነጽር ብቻ ነው።

ክፍሉን አጨለምን፣ የስልኩን መብራት ከፎቶው ጎን ዝቅ አርገን በአግድም አበራን፣ ከላይ አይደለም፣ ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አርጎ ነው። በእስክርቢቶ የተፈረመ ፎቶ እንዲህ ሲበራበት ሁለት ነገር ያሳያል፣ አንደኛ ቀለሙ ከፎቶው ልሙጥ ገጽ ላይ ተለይቶ ይታያል፣ ያብረቀርቃል ወይ ይደበዝዛል፣ ሁለተኛ እስክርቢቶው የጫነበት ቦታ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። የኛ ፎቶ ላይ «ቢ» የሚለው ፊደል ሙሉ በሙሉ ልሙጥ ነው፣ ቀኑም ልሙጥ ነው። ቀለም የለበትም። ፊርማው የፎቶው አካል ነው፣ እንደ አበበ ማልያ እንደ ጨለማው ሁሉ አብሮ የታተመ።

«አ» እና «ላ» ላይ ስንደርስ ግን ቦይ አለ። ግራ ገባን። በአጉሊ መነጽር ስናየው ገባን፣ የታተመው ሰማያዊ መስመር ላይ ሌላ ሰው በእስክርቢቶ ደግሞበታል። «ላ» ላይ እግሩ ጋ እስክርቢቶው ከታተመው መስመር የጸጉር ያህል ስቶ ወጥቷል፣ ከስር ደብዛዛው ሰማያዊ ከላይ ደማቁ ሰማያዊ ሁለት ሆኖ ይታያል። ደማቁ መስመር ሲጀምርም ሲያልቅም ነጥብ አለው። ይሄንን ከባንክ አውቀዋለሁ፣ የራሱን ስም የሚፈርም ሰው እጁ እየተንቀሳቀሰ ነው ወረቀቱን የሚነካው፣ እየተንቀሳቀሰም ነው የሚለቀው፣ ስለዚ መስመሩ ጫፉ ላይ ይቀጥናል። እየተከተለ የሚያስመስል ሰው ግን እስክርቢቶውን አስቀምጦ ነው የሚጀምረው፣ ቆሞም ነው የሚያነሳው፣ ቀለሙ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል፣ መሃል ላይም ይንቀጠቀጣል።

እና አሁን በእጃችን ያለው ነገር ሶስት ንብርብር ሆነ። ከላይ በቅርብ ጊዜ የተደገመ እስክርቢቶ፣ ከስሩ የታተመ ፊርማ፣ ከዛ ስር ደግሞ የማናውቀው ሌላ ፎቶ፣ ማለትም ይሄ ኮፒ የተነሳበት ኦሪጅናል። አንድ ቦታ የተፈረመበት ፎቶ ነበረ ማለት ነው።

ቢቸና ላይ የተገኘው

ሽማግሌውን ሳልነግራቸው በፊት ቤተሰቡን መጠየቅ ፈለኩ። ታላቅ እህታቸው ቢቸና ናቸው፣ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ። ፊርማ የሚል ነገር አላነሳሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየኳቸው፣ እትዬ፣ ልጅ ሆነው ያ ፎቶ የት ነበር የሚቀመጠው?

«ዳዊቱ ውስጥ ነዋ» አሉኝ። አባታቸው የሚደግሙት ዳዊት ውስጥ፣ ገጹ መሃል። መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፣ «እቺን ታህል»።

ያኔ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ዳዊት ውስጥ አይገባም።

ቀስ እያልን ስናወራ ወጣ። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ አሁን በሕይወት የሌለው ወንድማቸው ትንሿን ፎቶ አዲስ አበባ ወስዶ አሳድጎ አሳትሞ አመጣ፣ ትልቁን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ትንሿን «እዛው ተውኳት» አለ ይላሉ፣ ለማን እንደተዋት አይታወቅም። ፎቶው ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ስለነበር ሰማያዊው ደበዘዘ። አንድ የልጅ ልጅ በስልክ ስጠይቀው ሳይደብቅ ነገረኝ፣ ተማሪ እያለ ደመቅ ላርገው ብሎ በእስክርቢቶ እንደደገመበት። በኋላ ፎቶው እንዳይበላሽ ተብሎ መስታወት ገባለት። ማንም አልዋሸም። አንዱ ሊያሳምረው፣ አንዱ ሊያደምቀው፣ አንዱ ሊጠብቀው ብሎ ነው፣ ሽማግሌውም «አባቴ ያመጣው ፎቶ» ሲሉ ከልባቸው ነው፣ 25 ዓመት ሙሉ ያዩት እሱን ነውና።

ስር ያለው ፊርማስ የአበበ ነው?

ይሄን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። መልሴ ከኮፒ ላይ መፍረድ አይቻልም ነው። ባንክ ውስጥ ስፔሲመን የምንለው ፊርማ ሶስት ነገር ያሟላል፣ ሰውየው ፊት ለፊታችን ነው የፈረመው፣ ጊዜው ይታወቃል፣ ኦሪጅናሉ እጃችን ላይ ነው። እኔ ለአበበ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ የለኝም። ሰዎች ከስልካቸው ብዙ ምስል ላኩልኝ፣ ግን እነሱም ራሳቸው የማን እንደሆኑ የማይታወቅ ፊርማዎች ናቸው፣ ያልተረጋገጠን ባልተረጋገጠ ማመሳከር ምንም አይሰጥም። የሰው ፊርማ ደግሞ በዘመኑ ይለያያል፣ አበበ መጋቢት 1961 የመኪና አደጋ ደርሶበት እግሮቹ ሽባ ሆነው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖረው፣ ስለዚ ከአደጋው በኋላ የተፈረመን ይዞ በ1953 ከተፈረመ ጋር እኩል ማየት አይቻልም።

ሌላም አለ። ቼክ ላይ የሚፈርም ሰውና ለጓደኛው ፎቶ ላይ የሚፈርም ሰው አንድ ሰው ቢሆን እንኳን አንድ አይነት አይጽፍም። ቼኩ ላይ ይጣደፋል፣ ፎቶው ላይ ግን ስሙ እንዲነበብ ፊደሉን አስተካክሎ ይጽፋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ፊርማ ሳይሆን ስም ነው፣ በጣም ይነበባል» ብዬ የጠረጠርኩት በባንክ ዓይን ስላየሁት ነው።

ያልሰሩ ነገሮች

የኮሚቴ አባል የሆነ አንድ ወጣት ጣቱን ምራቅ አስነክቶ «ላ» ላይ ሻሸው፣ ቀለሙ አልለቀቀም፣ «በቃ እውነተኛ ነው» አለ። የእስክርቢቶ ቀለም ዘይትነት ስላለው በምራቅ አይለቅም፣ ዛሬ ጠዋት የተጻፈም ቢሆን አይለቅም። ሌላ ሰው አልኮል እንሞክር ሲል በብርቱ ነው የከለከልኩት። ዕቃውን የሚጎዳ ምርመራ መደረግ የለበትም፣ እውነተኛ ቢሆንስ?

ሰርተፍኬት እንግዛ የሚል ሀሳብም መጣ፣ በኢንተርኔት ፎቶ ልኮ ገንዘብ ከፍሎ ማረጋገጫ ማስመጣት። ይሄን ስንነጋገር ያነሳሁላቸው አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤፍቢአይ ኦፕሬሽን ቡልፔን በሚባል ምርመራ የስፖርተኞችን ፊርማ አስመስለው የሚሸጡ ቡድኖችን ይዟል፣ ከተያዙት ዕቃዎች መሃል የማዘር ቴሬዛ ፊርማ ያለበት የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ነበር። ብዙዎቹ የውሸት ዕቃዎች ሰርተፍኬት ነበራቸው። ፊርማ አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ሰርተፍኬት መጻፍ አያቅተውም። ዕቃውን በእጁ ይዞ ያላየ ሰው የሚሰጠው ወረቀት ደግሞ የኛን ቦይና ንብርብር ሊያይ አይችልም ነበር፣ በስልክ ካሜራ ከላይ የተነሳው ፎቶ ላይ ምንም አይታይም፣ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ።

የኔ ትልቁ ስህተት ግን ፎቶውን ከመስታወቱ ሳናወጣ አንድ ሳምንት መቆየታችን ነው። ሽማግሌውን ላለማስከፋት ብለን ነው። መስታወት ስር ያለ ፊርማ ምንም አይነግርህም፣ ጀርባው ነበር መልሱ።

ለሽማግሌው እንዴት ተነገራቸው

ከፎቶ አንሺው ጋር ሆነን ማታ ቤታቸው ሄድን። ኮሚቴው አልነበረም፣ ሰው ፊት እንዳይሆን ብለን ነው። እኔ ከፊርማው አልጀመርኩም፣ ከዳዊቱ ነው የጀመርኩት። አባባ፣ የአባትዎ ዳዊት አሁንም አለ? አልኳቸው። አወጡት። ቆዳው ያለቀ፣ ገጹ የጠቆረ ዳዊት ነው። ፎቶውን አጠገቡ አስቀመጥኩት። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዛ ራሳቸው «ትንሽ ነበረች» አሉ፣ «ወንድሜ ነው የወሰዳት።»

ከዛ ነው ወረቀቱን፣ ቦዩን፣ ንብርብሩን ያሳየናቸው። አባቴ ዋሽቶ አያውቅም አሉኝ፣ አዎ አባትዎ አልዋሹም፣ እርስዎም አልዋሹም፣ ወረቀቱ ነው ሌላ የሆነው አልኳቸው። ፎቶውን ከጨረታው ራሳቸው አወጡት። ይሄን ሲያደርጉ አንድም ሰው አልገፋፋቸውም፣ እና እኔ እስከዛሬ ካየኋቸው ነገሮች ትልቅ ቦታ የምሰጠው አንዱ ይሄ ነው።

ለሌላ ጉዳይ የሚሆኑ ነጥቦች

ቅደም ተከተሉ ላይ ነው ዋናው ነገር። እኛ ከታሪክ ጀምረን ወደ ፊርማ ሄደን መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አየን። መሆን ያለበት የተገላቢጦሽ ነው፣ መጀመሪያ ወረቀቱና ዕቃው የዘመኑ ነው ወይ፣ ቀጥሎ ፊርማው በእስክርቢቶ ነው ወይስ የታተመ፣ ከዛ በኋላ ነው የማን እጅ ነው የሚለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ይመለሳሉ፣ ሶስተኛው ግን ባለሙያም ይከብደዋል።

ቤተሰብ ስትጠይቁ «እውነት ነው ወይ» አትበሉ፣ የት ነበር፣ ምን ያህላል፣ ማን ነካው፣ መቼ ከቤት ወጣ በሉ። ሰው ስለ እውነትነቱ ሲጠየቅ ይከላከላል፣ ስለ ቦታው ሲጠየቅ ያስታውሳል።

አንድ ፊርማ ከሌላ የታወቀ ፊርማ ጋር ሲደራረብ አንድም ሳይዛነፍ ልክ ከሆነ ደስ እንዳይላችሁ። የማንም ሰው ሁለት ፊርማ ፍጹም አንድ አይሆንም፣ እኔ በ14 ዓመት አላየሁም፣ ፍጹም አንድ ከሆነ አንዱ ከአንዱ ተገልብጧል ወይ በማሽን ተፈርሟል። የዘመኑን እስክርቢቶም አስቡ፣ በ1952 እስክርቢቶ ነበር፣ ዛሬ ማልያ ላይ የሚፈረምበት ወፍራም ማርከር ግን ያኔ በየሰው ኪስ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

በሕይወት ያሉ አትሌቶችን ፊርማ የምትሰበስቡ ክለቦች ካላችሁ ደግሞ ሲፈርሙ ፎቶ አንሱ፣ እጃቸውና ዕቃው አብሮ የሚታይበት፣ ቀኑን ጻፉ፣ ማን እንደነበረ ጻፉ። ዛሬ የሁለት ደቂቃ ስራ ነው፣ ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው ግን ሌላ ምንም ነገር አይኖረውም።

አሁን ያለበት

ጨረታው ያለ ፎቶው ተካሄደ። 80 ሺህ ያለው ሰው ነገሩን ሰምቶ ለፎቶው የሚሰጠውን ትቶ ለበጉ ተጫረተ፣ ከሁሉም ተደምሮ 11 ጥንድ ጫማ ተገዛ። 26 ልጆች ናቸው፣ አሁንም ይቀያየራሉ። ትንሿ ፎቶ አልተገኘችም። አዲስ አበባ ውስጥ በ1990 አካባቢ ፎቶ እያሳደጉ ያትሙ የነበሩ ፎቶ ቤቶችን ሁለቱን ጠይቀናል፣ ሶስተኛው ተዘግቷል።

ፎቶውን ወደ ግድግዳው ከመመለሳችን በፊት ሽማግሌው ጀርባው ላይ እውነቱ ይጻፍ አሉ። እርሳስ አውጥቼ ሞከርኩ፣ ፕላስቲኩ እርሳስ አልያዘም፣ አንሸራተተ። ከደብተር ወረቀት ቀደን እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ፦ «ይህ ኮፒ ነው። ኦሪጅናሏ ትንሽ ናት፣ መዳፍ ታህላለች፣ በ1990 ገደማ አዲስ አበባ ቀርታለች። «አ» እና «ላ» በልጅ ተደግመዋል። ያገኛት ሰው ለክለቡ ይስጥ።» እሳቸው ፈረሙበት፣ ቀኑን አስጻፉኝ፣ ወረቀቱን ፎቶውና ካርቶኑ መሃል አርገን መስታወቱን ዘጋነው።